የእማማ የብርጓል ማብሪያ

ሥራነሽ ቤት የምትገዛው ለኪራይ እንደሆነ ለሁሉም ተናግራለች። ለልጇ ለሂዊ፣ ለደምበጫ ጎረቤቶቿ፣ ለደላላው፣ ቤቱን እንዲያይላት ለቀጠረችው የመብራት ሠራተኛ ለምንይችልም ያለችው ይህንኑ ነው። ውሸት አይደለም፤ ኪራዩን ትፈልገዋለች። ለኪራይ ብቻ ቢሆን ግን ሂዊ እንደመከረቻት ገንዘቡን ባንክ አስቀምጣ ወለዱን መብላት ትችል ነበር። የፈለገችው ሰው ያለበት ግቢ ነው። በሯን የሚያንኳኳ፣ ጨው የሚበደራት፣ ጠዋት ጠዋት ባልዲ እያንቋቋ የሚቀሰቅሳት፣ ካስፈለገም የሚያናድዳት ሰው። ይህን ደግሞ ስድሳ ሊሞላት የደረሰች ሴት አፏን ሞልታ ለደላላ አትናገረውም።

ደምበጫ ላይ ከባሏ ከፈቃዱ ጋር መንገድ ዳር የክርና የጨርቅ ሱቅ ነበራቸው። የባጃጁ ጡሩምባ፣ የፈረሱ ኮቴ፣ ዋጋ የሚከራከረው ገበያተኛ፣ ሁሉም የሚያልፈው በደጃፏ ነበር። ዕድሜ ልኳን ይህ ጫጫታ ሊያደነቁረኝ ነው እያለች ስትማረር ኖራለች። ፈቃዱ ከሞተ በኋላ ሂዊ ብቻሽን አትቀመጪም አለቻትና ሱቁን ሸጣ ባሕር ዳር ሄደች። እዚያ የጠበቃት የኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው። ሂዊና ባሏ ጠዋት ወጥተው ማታ ይገባሉ፤ ከገቡም በኋላ አንገታቸውን ስልካቸው ላይ ደፍተው ያመሻሉ። አንድ ቀን ደረጃ ላይ ያገኘቻትን ወጣት እንደምን አደርሽ ብትላት፣ ልጅቷ ከጆሮዋ ማዳመጫውን ነቅላ ምን አሉኝ አለቻት። ሥራነሽ ሰላም ማለት ሰው ማስቸገር የሆነበት ቦታ መኖር አልቻለችም። ወገቤን አመመኝ፣ ደረጃው ከበደኝ ብላ ወጣች። ወገቧ ደህና ነው።

ደብረ ማርቆስ ላይ ደላላው ያሳያት ቤት የአቶ ኪዳነ ማርያም ነበር። ከፊት ትልቁ ቤት፣ ከኋላ በአንድ መስመር የተሠሩ አራት ሰርቪስ ክፍሎች፣ መሐል ላይ የውኃ ቧንቧ። ሥራነሽ ገና ከበሩ ስትገባ ቧንቧው ዘንድ ሰዎች ወረፋ ይዘው ሲጨቃጨቁ በሐሳቧ ታያት። ክፍሎቹ ግን ባዶ ነበሩ። አቶ ኪዳነ ማርያም ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ለማደስም ለማከራየትም አቅም አጥተው ኖረው፣ አሁን ልጃቸው ወደ አዲስ አበባ ሊወስዳቸው ነው። ጋቢያቸውን ደርበው በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። ቤታቸው በሰው ፊት ሲጎረጎር የሚያዩ ሰውዬ አይመስሉም፤ ዓይናቸው አጥሩ ላይ ነበር።

ምንይችል ቤት የሚያየው ሐኪም በሽተኛ እንደሚያይ አይደለም፤ ገናዥ ሬሳ እንደሚያይ ነው። ልስኑን በመዶሻው እጀታ መታ መታ ያደርግና ጆሮውን ይሰጣል፣ ከዚያ ራሱን ይነቀንቃል። የሰርቪሶቹን ቋሚ ከሥሩ ምስጥ በልቶታል አለ። ኮርኒሱን ከፍቶ በባትሪ እያበራ ገባና የሸረሪት ድር ለብሶ ወጣ። ገመዱ እዚህም እዚያም ተቀጥሏል፤ የተቀጠለበት ቦታ የተጠቀለለው በፌስታል ነው። ድሮ ለአምፖልና ለሬዲዮ ተብሎ የተዘረጋ ሽቦ ነው። የዛሬ ተከራይ ደግሞ ምድጃውን ተሸክሞ ነው የሚመጣው፤ አራቱም ክፍል ባንድ ምሽት ምድጃ ቢሰኩ ቤቱ ይነዳል፣ እኔ ዋስ አልሆንም አለ።

ማጋነን ይወዳል። ሥራነሽም ይህን አላጣችውም፤ ግን ነጋዴ ናትና እሱ ባጋነነው ልክ እሷ ከዋጋው ታስቀንሳለች። አዲስ መስመር፣ ለየክፍሉ የራሱ ብሬከር፣ የተበላው እንጨት ቅያሪ፣ ልስን፣ ቀለም፣ ሁሉም ሲደመር ቤቱ ከተጠራበት ዋጋ ሩቡን ይበላል ብሎ ገመተላት። እሷም ፊቷን አጨፍግጋ ሰማችው።

ኮሪደሩ ውስጥ ጎን ለጎን ሁለት ማብሪያዎች ነበሩ። አንደኛው የኮሪደሩን አምፖል ያበራል። ሁለተኛውን ምንይችል ቢጫነው ምንም አልበራም። እያበራ እያጠፋ፣ እየወጣ በረንዳውንም ሽንት ቤቱንም እያየ ቆየ። ይህም ሞቷል ሊል ሲል አቶ ኪዳነ ማርያም ከወንበራቸው ሆነው ተናገሩ።

«እሱን አትነካካው። እሱ የጎረቤቴ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። መብራት ወደ ሰፈሩ ሲገባ በዚያ ረድፍ ቆጣሪ ያገኙት አቶ ኪዳነ ማርያም ብቻ ነበሩ። ከአጥር ማዶ የሚኖሩት እማማ የብርጓልና ባለቤታቸው ለአንድ አምፖል የሚሆን መስመር ከእሳቸው እንዲሳብላቸው ለመኑ። ሂሳቡን የሚከፍለው ማብሪያውን ይያዝ ተባለና ማብሪያው እዚህ፣ አምፖሉ እዚያ ሆነ። በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለ ውል ብዙ ሰው ተዋውሏል፤ ኋላ ሁሉም የየራሱን ቆጣሪ ሲያስገባ የእነዚህ ሁለት ቤቶች እንደነበረ ቀረ። የእማማ የብርጓል ባል ሞቱ፤ የአቶ ኪዳነ ማርያምም ሚስት ተከተሉ። ሲመሽ ግን ሽማግሌው ከዚህ ይጫናሉ፣ እዚያ ለእማማ የብርጓል ይበራላቸዋል።

ምንይችል ሳቀ። ሥራነሽ አልሳቀችም፤ ይህንንም ከቤቱ እንከን ቆጠረችው። ወደ ሰው ግቢ የሚሄድ መስመር ያለበት ቤት መግዛት ጣጣ መግዛት ነው ብላ ዋጋ አስቀነሰችበት። አቶ ኪዳነ ማርያም ብዙ አልተከራከሩም። ሲጨርሱ ግን እጇን ይዘው ኮሪደሩ ድረስ ወሰዷትና ማብሪያውን አሳዩዋት።

«የዋጋው እንዳልሽ ይሁን። አንድ ነገር ግን አደራ። ሲመሽ ይቺን አብሪላት። ከዘገየሽ ትጣራለች። አምሽተሽ ሳትጣራ ከቀረች ግን አንቺ ተጣሪ።»

ሥራነሽ እሺ አለች። ልቧ ያለው ቧንቧው ዘንድ ስለነበር ምን እንዳለች እንኳ ልብ አላለችውም።

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ገባች። በገባችበት ዕለት ዕቃ ስታራግፍ መሸ። ምንይችል ሥራ አልጀመረም፤ ግቢው ጭር ብሏል፤ ቧንቧው ብቻ ጠብ ጠብ ይላል። ለሰው ብላ የገዛችው ግቢ ውስጥ ድስት ይዛ ብቻዋን ቆመች። አራተኛው ፎቅ ላይ ቢያንስ ማታ የሚገባ ሰው ነበር። ይህን እያሰበች ሳለ ከማዶ አንድ ድምፅ ጮክ ብሎ ተጣራ።

«ኪዳነ ማርያም! ዛሬስ ምነው?»

ጥቂት ቆይቶ ያው ድምፅ ዝቅ ብሎ፣ ውይ፣ ለካስ ሄዷል፣ ሲል ተሰማ። ሥራነሽ ድስቱን ጥላ ወደ ኮሪደሩ ሮጠችና ማብሪያውን ተጫነችው። ከቆርቆሮው አጥር ማዶ ቢጫ ብርሃን ወጣ። እማማ የብርጓል አመስግነው ማን ልበል ብለው ጠየቁ፤ እሷም ስሟን ነገረቻቸው። የዚያን ቀን እራቷን የበላችው ደስ ብሏት ነው።

የሁለቱ ግቢ በር የሚከፈተው ወደተለያየ መንገድ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሄድ ሰፈሩን መዞርና ቦዩን መሻገር ይጠይቃል። እማማ የብርጓል ጉልበታቸው ስለያዛቸው ከቤተ ክርስቲያን በቀር የትም አይሄዱም። ሥራነሽም ለአገሩ እንግዳ ናት፤ ሳትጠራ የሰው ቤት መሄዱን ዛሬ ነገ ስትል ከረመች። ደግሞም አጥሩ ይበቃቸው ነበር። እማማ የብርጓል ቆርቆሮውን ደገፍ ብለው ስለ ጤፍ ዋጋ፣ ስለ ጉልበታቸው፣ ከይጁቤ በበቅሎ ተሞሽረው ስለመጡበት ዕለት ይነግሯታል። መልካቸውን ሳታውቅ የሠርጋቸውን ድግስ አወቀች።

ተረበኛ ናቸው። ቀደም ብላ ስታበራ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቆጣሪውን ልታስሮጪው ነው ይሏታል። ስትዘገይ ደግሞ የደምበጫ ሰው ሲመሽ አያውቅም መሰል ይላሉ። ስለዚህ ሥራነሽ መዘግየት ጀመረች፣ ሆን ብላ። ሲመሽ ኮሪደሩ ውስጥ ትቆምና ጣቷን ማብሪያው ላይ አሳርፋ ስሟ እስኪጠራ ትጠብቃለች። ስሟን እንዲያ ጮክ ብሎ የሚጠራት ሰው ፈቃዱ ከሞተ ወዲህ አልነበራትም። ሁለት ጊዜ ከተጠራች በኋላ ትጫነዋለች፤ ከዚያ አጥሩ ዘንድ ሄዳ ትሰደባለች። ቀኑን ሙሉ የምትጠብቀው ይህችን ሰዓት ሆነ።

ምንይችልና አናጢዎቹ መጥተው ሰርቪሶቹን ማደስ ያዙ። የጎረቤቱን መስመር መጀመሪያ ልቁረጠው ቢላት፣ እሱን መጨረሻ ታደርገዋለህ አለችው። እሱም አላስጨነቃትም፤ የተበላው እንጨት ወጣ፣ አዲስ ገመድ በቱቦ ገባ፣ ልስኑ ደረቀ። ሰኔ ሲገባ ዝናቡ መጣ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ እንዳባራ፣ ምንይችል መሰላል ሊያስደግፍ አጥሩን ሲነካ ነዘረውና መሰላሉን ጥሎ ወደ ኋላ ዘለለ። ሲረጋጋ ኤሌክትሪክ መኖሩን የሚለይበትን ቴስተር አውጥቶ እርጥቡን ቆርቆሮ ነካ አደረገበት። የቴስተሩ ዓይን በራ። የድሮው ገመድ በአጥሩ ጫፍ ላይ ሲያልፍ ነፋስ እያሸው ልባሱ ተልጦ፣ ሽቦው ቆርቆሮው ላይ ተኝቷል። ማብሪያው ድሮ በስህተት የተገጠመው በመላሹ ሽቦ ላይ ስለሆነ፣ አምፖሉ ቢጠፋም ገመዱ ቀንም ማታም ኃይል አለበት።

«እትዬ» አለ ምንይችል። እንደወትሮው አላጋነነም፤ ድምፁ ዝግ ያለ ነበር። «እማማ ሲጣሩ የሚደገፉት ይህን አጥር አይደል?»

ሥራነሽ በረንዳው ላይ ተቀመጠች። ስሟን ለመስማት ብላ አሮጊቷን ስንት ምሽት እዚያ አጥር ላይ እንዳቆመቻቸው አሰበች። በጋ ባይሆን ኖሮ፣ ጫማቸው የጎማ ባይሆን ኖሮ እያለች ብዙ አሰበች። መስመሩን ያን ሰዓቱን አስቆረጠችው።

ከዚያ ምንይችል ሁለት ምርጫ ሰጣት። አንደኛው አዲስ ገመድ በቱቦ አድርጎ በመሬት ውስጥ ማሳለፍ ነው፤ የአንድ ቀን ሥራ ነው፣ ርካሽ ነው፣ ማብሪያውም እዚሁ እንዳለ ይቀራል። ሁለተኛው ለእማማ የብርጓል የራሳቸውን ቆጣሪ ማስገባትና ቤታቸውን እንደገና መዘርጋት ነው፤ ውድ ነው፣ ደጅ መጥናት አለው። ለኪራይ ብለው ለገዙት ቤት የምመክርዎ ርካሹን ነው አላት። ሥራነሽ ደስታዋን ደበቀች። ርካሹና የልቧ አንድ ላይ የመጡላት ስንት ጊዜ ነው? ለእማማ የብርጓል ልትነግራቸው ሰፈሩን ዞራ፣ ቦዩን ተሻግራ ሄደች።

እማማ የብርጓል በድምፃቸው ካሰበቻቸው አነስ ያሉ ሴት ነበሩ። አቅፈው ሳሟት፣ አልለቅ አሉ። ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ መሐሉ ላይ ያ አምፖል ተንጠልጥሏል። ሶኬት የለም። ስልካቸውን እንኳ የሚሞሉት ሱቅ ልከው ነው። ጥግ ላይ የጥልፍ ልብስ የለበሰ ጠረጴዛ መሰል ነገር አለ፤ ላዩ ላይ ብርጭቆ ተደርድሯል። ሥራነሽ ስትጠጋ ያልተከፈተ የቴሌቪዥን ካርቶን ሆኖ አገኘችው። የእህቴ ልጅ ያመጣልኝ ነው፣ ሰባት ዓመት አለፈው አሏት። ለምን አልከፈቱትም ብትል የሕፃን ጥያቄ እንደጠየቀቻቸው አዩዋት።

«በሰው ቆጣሪ ቴሌቪዥን አይታይም፣ ልጄ። ውላችን ለአንድ አምፖል ነው።»

እኔ እፈቅዳለሁ፣ ሶኬት አስገባልዎታለሁ ብትል አሻፈረኝ አሉ። ሟች ባላቸው የገባበት ውል ነው፤ የፈቀደውም ኪዳነ ማርያም ነው፤ አንቺ ገዝተሽ መጣሽ ብዬ እላይሽ ላይ አልወጣም አሉ። ሥራነሽ የጥልፉን ልብስ ጫፍ በጣቶቿ አሻሸች። የመጣችበትን ልትናገር አፏን ከፍታ ነበር። ማብሪያው እኔ ዘንድ ይቆይ ማለት ግን ካርቶኑ ተዘግቶ ይቅር ማለት መሆኑ ገባት። ሳትፈልግ ገባት፤ ባይገባት ትመርጥ ነበር።

«ቆጣሪ አስገባልዎታለሁ» አለች። «የራስዎን። በስምዎ።»

ቆጣሪው እስኪመጣ ክረምቱ አለቀ። እስከዚያ በባትሪ የሚሠራ ፋኖስ ሰጠቻቸው፤ እሳቸውም አጥሩ ላይ ሆነው፣ የተባለው ቆጣሪ ከጎንደር ነው የሚመጣው ወይስ ከግብጽ እያሉ ይተርቧት ነበር። አጥሩ አሁን ደህና ነው፤ ምንይችል በቴስተር አረጋግጦላታል። ጳጉሜን ላይ ቆጣሪው ገባ። ምንይችል ሶኬትም ማብሪያም አደረገላቸው። እማማ የብርጓል ጉልበታቸውን እያሻሹ ቦዩን ተሻግረው መጥተው፣ ደጇ ላይ ቆመው መረቋት። ምርቃቱ ረጅም ነበር፣ ሥራነሽም አሜን እያለች አለቀሰች።

የዚያን ምሽት ከማዶ ቴሌቪዥን ተከፈተ። በማግስቱም። ሥራነሽ አጥሩ ዘንድ ቆማ ስትጠብቅ የምትሰማው በአማርኛ የሚናገሩ የቱርክ ሰዎች ሲጣሉ ነው። ሰፈሩን ዞራ ሄደች። እማማ የብርጓል ደስ ብሏቸው አስቀመጧት፣ ቆሎ አቀረቡላት፣ ጉልበትዎ እንዴት ነው ስትላቸው ግን ክንዷን ያዝ አደረጉ። ቆይ ልጄ፣ ይቺ ልጅ ልትያዝ ነው አሏት። ልጅቱ ሳትያዝ ክፍሉ አለቀና ሌላ ተጀመረ። ሥራነሽ ቆሎውን ጨርሳ ተሰናበተች። አልተቀየመቻቸውም፤ ሰባት ዓመት ሙሉ ካርቶኑን ሲያዩ የኖሩ ሴት አሁን ቢያዩ ምን ይገርማል?

ሰርቪሶቹ ከመስከረም በፊት ተያዙ። አንዱን የባንክ ሠራተኛ፣ አንዱን መምህር፣ ሁለቱን ከአምበር የመጡ ወንድማማቾች ተከራዩ። ጨዋ ሰዎች ናቸው። ጠዋት ወጥተው ማታ ይገባሉ፣ በራቸውን ይዘጋሉ። ኪራዩን በስልክ ስለሚያስገቡ ወሩ ሲያልቅ ስልኳ ጢን ይላል እንጂ ደጇን የሚረግጥ የለም። ምንይችል ሥራውን አሳምሮታል፤ ለየክፍሉ ብሬከር፣ ለየክፍሉ ንዑስ ቆጣሪ፣ በእድሳቱ በየክፍሉ የውኃ መስመርም ስለገባ መሐል ያለውን ቧንቧ የሚከፍተው የለም። አንዱ ክፍል ቢጠፋበት ሌላው አያውቅም። የሚበላሽ ነገር ቢኖር እንኳ የሚያንኳኳ ይኖር ነበር፤ የሚበላሽ የለም። ሂዊ ደውላ ሂሳቡን ስትሰማ፣ እማ፣ ጥሩ ኢንቨስትመንት ነው ያደረግሽው አለቻት። ሥራነሽም እውነትሽን ነው አለች።

አንድ ምሽት የአቶ ኪዳነ ማርያም አደራ ትዝ አላት። ሳትጣራ ከቀረች አንቺ ተጣሪ ብለዋት ነበር። አጥሩ ዘንድ ሄዳ እማማ የብርጓል ብላ ተጣራች። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ደገመች። ከማዶ አንድ ሰው ሽጉጥ ተኮሰ፣ ሙዚቃ ተከተለ፣ እማማ የብርጓል ለቴሌቪዥኑ የሆነ ነገር ሲናገሩ ተሰማት። ሦስተኛ ሳትጣራ ገባች።

ምንይችል ሥራውን ሲጨርስ የኮሪደሩን ሁለተኛ ማብሪያ ልንቀለው ወይ ብሎ ጠይቋት ነበር። ልስኑ አዲስ ነው፣ ቀዳዳ ይሆንብኛል፣ ተወው አለችው። እሱም ገመዱን ከኋላ ቆርጦ ማብሪያውን ግድግዳው ላይ ተወላት።

ጥቅምት ገብቶ ብርዱ ጠንከር ባለበት አንድ ማታ ሥራነሽ ኮሪደሩ ውስጥ ቆመች። ተከራዮቹ ገብተው በራቸውን ዘግተዋል። ከማዶ ገና ጨለማ ነው፣ ቴሌቪዥኑም አልተከፈተም። ጣቷን ማብሪያው ላይ አሳርፋ ጠበቀች። የጠራት የለም። ዝም ብላ ተጫነችው።

ከአጥሩ ማዶ ብርሃን ቦግ አለ።

ክው ብላ ቀረች። እማማ የብርጓል በዚያችው ቅጽበት የራሳቸውን ማብሪያ ተጭነው መሆኑ ወዲያው ገብቷታል፤ ግን በመስኮቱ ብርሃኑን እያየች ቆመች። ከዚያ ጣቷን መለሰችና ማብሪያውን አጠፋችው። የእማማ የብርጓል መብራት እንደበራ ነበር።